ቀለሁ ምን ይላል? ከልክ ያለፈ ግፊትን ለመለየት የትኛውን ምልክት እንመን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ ሠርግ ወሎ፣ ኩታበር ሄጄ፣ ከሠርጉ ማግስት አጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ቀለህ ከንፈሩ ላይ አስደግፎ ሲያፏጭ ሰማሁ። የእኛም የልጅነት ዋሽንት ይኸው ነበርና ደስ ብሎኝ "እስቲ አሳየኝ" አልኩት። ገልብጬ ቂጡን ሳየው ግን ክው አልኩ። መርፌው የሚመታት ትንሿ መቀጣጠያ መሃሏ ተበስቷል፤ የቀዳዳው ዙሪያ በጥላሸት ጠቁሯል። ጥይቱ ሲተኮስ የጋለው ጋዝ በዚያች ቀዳዳ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ወጥቷል ማለት ነው።

"ይኼ ከየት መጣ?" አልኩ።

"ከትናንቱ ተኩስ ነው" አሉ አጎቴ፣ ቡናው አጠገብ እንደተቀመጡ። "አብሽር፣ ደግ ተኩሷል። ብቻ መክፈቻው እምቢ ብሎኝ በእንጨት መታ መታ አድርጌ ነው ያወጣሁት።"

ሰፌድ አስመጣሁ። ልጆቹ ከየጥጋጥጉ የለቀሙት አሥራ አራት ቀለህ ተደረደረበት። አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ አላቸው። ጥይቱን ግን በርካሽ አገኘሁ ብለው ገበያ ላይ ከአንድ ሰው ነው የገዙት። የፋብሪካ ጥይት አልነበረም፤ አንድ ሰው የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ መልሶ የሞላው ነው።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። እዚያ ሕጉ ስለሚፈቅድ ለአደንና ለዒላማ የምተኩሰውን ጥይት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራሴ ስሞላ ኖሬአለሁ። ቀለሁን አጥቤ፣ ቅርጹን መልሼ፣ አዲስ መቀጣጠያ እተክላለሁ፤ ባሩድ መዝኜ አረሩን እገጥማለሁ። መቀጣጠያዋን ከዚህ በኋላ ሞያተኞቹ እንደሚሏት ፕራይመር እላታለሁ። አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትንም መነገድንም ይከለክላል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ሕግ ፈቅዶለት ጥይቱን የሚሞላ ወገኔ ነው፤ እሱ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው እንደ አጎቴ ማን እንደሞላው የማያውቀው ጥይት እጁ የገባ ሰው ነው። ለሁለተኛው መልሴ አጭር ነው፤ አይተኩሱት። ምክንያቱን ግን ከቀለሁ ላይ ማየት ይችላል።

ጥይት ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ የሚፈጥረው ግፊት ከልክ ማለፉን የሚጠቁሙ ምልክቶች ብዙ ናቸው፤ እኩል የሚታመኑ ግን አይደሉም። አንዳንዱ ቀድሞ ይናገራል፣ አንዳንዱ ይዋሻል፣ አንዳንዱ እውነቱን የሚናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ፕራይመሩን ነው፤ ከምስክሮቹ ሁሉ እንደ እሱ የሚያወላውል ደግሞ የለም። ናሱ ላይ፣ ማለትም ቀለሁ ላይ፣ የሚታይ ምልክት በሙሉ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ቀድመው የሚያስጠነቅቁት ለየጥይቱ የባሩዱን ልክ የሚነግረው የመሙያ መጽሐፍና የአረሩን ፍጥነት የሚያነበው መለኪያ ናቸው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ናስ ለምን ይዘገያል?

ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ይነፋና ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ የሚያግደው ይኸው መጣበቅ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ቦልቱን፣ ማለትም አጎቴ መክፈቻ ያሉትን፣ ስንስብ ቀለሁ ተንሸራቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቂጡ አካባቢ ናሱ ወፍራም ስለሆነ ቅርጹን እንዲለቅ ብዙ ግፊት ይፈልጋል። ብዙ ዘመናዊ ጠመንጃ ላይ ግልጽ ምልክት ማየት የሚጀመረው ግፊቱ ከ65,000 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) በላይ ከሄደ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ 70,000 አልፎም ዝም ይላል።

አሁን ይህን ከተፈቀደው ልክ ጋር እናነጻጽር። የአሜሪካ የጥይት አምራቾች መለኪያ ተቋም ሳሚ ለየጥይቱ ዓይነት ያስቀመጠው ጣሪያ ለ.30-06 60,000 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ለ.308 ዊንቸስተር 62,000፣ ለ.270 ዊንቸስተር 65,000፣ ለ.30-30 ደግሞ 42,000 ነው። .30-06 የሚሞላ ሰው ቀለሁ ላይ ምልክት ሲያይ ጣሪያውን አልፎታል። .30-30 የሚሞላው ግን ናሱ እስኪናገር ከጠበቀ፣ ጠመንጃው ከተሠራበት ልክ በ20,000 እና ከዚያ በላይ ርቆ ሄዷል። ናሱ አንድ ዓይነት ነው፤ የጠመንጃው ብረትና መቆለፊያ ግን አንድ አይደለም። "ቀለሁ ደህና ነው፣ ምንም ምልክት የለውም" የሚለው ቃል ለዘመናዊ ጠመንጃ ግማሽ መተማመኛ ቢሆን፣ ለአሮጌ ጠመንጃ ምንም መተማመኛ አይሆንም።

የአጎቴ ቤልጅግ የሚበላው 7.92 በ57 የተባለውን የጀርመን ጥይት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅጉ ኤፍ.ኤን. ፋብሪካ የገዛቸው ማውዘሮች በዚህ ጥይት የሚሠሩ ናቸው። ይህ ጥይት ሁለት ጣሪያ አለው። የአውሮፓው መለኪያ ሲ.አይ.ፒ. 3,900 ባር፣ ወደ 56,500 ፒ.ኤስ.አይ. ይፈቅዳል፤ የአሜሪካው ሳሚ ግን 35,000 ላይ ያቆመዋል። ልዩነቱ ከታሪክ የመጣ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ጠመንጃ አረር ውፍረቱ 0.318 ኢንች ነበር፤ በኋላ የመጣው 0.323 ኢንች ሆነ። ትልቁን አረር በጠባቡ በርሜል መግፋት ግፊቱን ክፉኛ ያንረዋል፤ አሜሪካኖቹ ዓለም ላይ የተበተኑትን አሮጌ ጠመንጃዎች አስበው ዝቅ አደረጉት። ስለዚህ ከአውሮፓ መጽሐፍ ያገኙትን ልክ አንስቶ በርሜሉ ላልተለካ አሮጌ ጠመንጃ መጠቀም፣ ቀለህ አይቶ የሚታረም ስሕተት አይደለም።

አሮጌ መጽሐፍ ለሚያገላብጥ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው ዘዴ ግፊት የሚለካው በምትጨፈለቅ የመዳብ ቁራጭ ነበርና ቁጥሩ ሌላ ነው። .30-06 በመዳቡ ልኬት 50,000 ሲሆን በዛሬው ልኬት 60,000 ነው። ሁለቱን ማቀላቀልም፣ በአንድ ቀመር ከአንዱ ወደ ሌላው መመንዘርም አይቻልም።

ፕራይመሩ፦ ሁሉም የሚያየው፣ ብዙ ጊዜ የሚዋሸው

ሰፌዱ ላይ ካሉት አሥራ አራቱ አሥሩ ፕራይመራቸው ተጨፍልቆ ነበር። ያልተተኮሰ ፕራይመር ጠርዙ እንደ ድስት ክዳን ክብ ብሎ ይወርዳል። በመጠነኛ ግፊት ጠፍጠፍ ይላል፤ ጠርዙ ግን ይቀራል። በከፍተኛ ግፊት ጠርዙ ይጠፋና ጉድጓዱን ግድግዳ ለግድግዳ ሞልቶ፣ ሚስማር መትተው ያስገቡት ይመስላል። የአጎቴዎቹ እንደዚያ ነበሩ።

ታዲያ ለምን አላምነውም? የአንዱ ፋብሪካ ፕራይመር ቆርቆሮ ስስ ነው፣ የሌላው ወፍራም ነው። ስሱ በደህናው ጥይት ይጨፈለቃል፤ ወፍራሙ 70,000 ላይ እንኳ ክብነቱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ የባሰው ሌላ ነገር አለ፤ ቀለሁ በማረፊያው (ጥይቱ ጎርሶ በሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ውስጥ ከቦልቱ ጋር ክፍተት ካለው፣ ሲተኮስ ፕራይመሩ ቀድሞ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ከዚያ ቀለሁ ተንሸራቶ መጥቶ መልሶ ይጨፈልቀዋል። ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ የተጨፈለቀ ፕራይመር ታያለህ። ቀለህ ሲጠግን ትከሻውን (ከአንገቱ ሥር ያለውን ተዳፋት) ከልክ በላይ ወደ ኋላ የሚገፋ ጀማሪ ይህን አይቶ "ባሩዱ በዝቷል" ብሎ ይቀንሳል፤ ጥፋቱ ግን ከባሩዱ አይደለም።

በመርፌው ምት ዙሪያ የሚነሳው ትንሽ ከንፈርም እንደዚሁ ነው። የመርፌው ቀዳዳ ከሰፋ ወይም የመርፌው ስፕሪንግ ከደከመ በቀላል ጥይትም ይመጣል። ፕራይመሩ የሚጠቅመው ራሱን ከራሱ ጋር ስታነጻጽረው ነው። በአንድ ጠመንጃ፣ በአንድ ዓይነት ፕራይመር፣ የፋብሪካ ጥይት ተኩሰህ ቀለሁን አስቀምጥ፤ ከዚያ የራስህን ጎን ለጎን አድርገህ እይ። ለብቻው የቆመ ፕራይመር አንብቦ መፍረድ ግን አይገባም።

መበሳቱ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የመርፌው ጫፍ ስለታም ሆኖም ሊበሳ ይችላል፣ ከልክ ባለፈ ግፊትም ሊበሳ ይችላል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ተኩሱ እዚያው ይቆማል። ከጉድጓዱ ተፈንቅሎ የወደቀ ፕራይመርም እንዲሁ ነው፤ እሱን ለመተርጎም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ቦልቱ ሲከብድ

ቦልቱ አልነሳ ማለቱ ከፕራይመሩ በብዙ ይታመናል። በርሜሉ ራሱ በግፊቱ ተነፍቶ ሲመለስ፣ ናሱ ደግሞ ከሚመለስበት በላይ ተለጥጦ ስለቀረ፣ ቀለሁ በማረፊያው ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። እጀታው ሲነሳ የሚሰማው ያ ክብደት እሱ ነው። አጎቴ ደግሞ ጭራሽ እንጨት ነው የፈለጉት።

ይህም ያሳስታል፤ ግን ማጣራቱ ቀላል ነው። ማረፊያው የዛገ ወይም የቆሸሸ ከሆነ፣ ቀለሁም በደንብ ያልተጠገነ ከሆነ ይከብዳል። መለያው እንዲህ ነው፦ ጥይቱ ሲገባም የሚከብድ ከሆነ ነገሩ የቀለሁ ልክ ነው። ሲገባ ተንሸራቶ ገብቶ፣ ከተተኮሰ በኋላ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ግን ግፊት ነው ብለህ ያዝ፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አትተኩስ። አጎቴን ስጠይቃቸው "ሲገባማ እንደ ቅቤ ነው" አሉኝ።

ልብ በሉ፣ እጅ ላይ የሚሰማው ክብደት የመጀመሪያው ምልክት አይደለም። ቦልቱ ሲከብድህ የተፈቀደውን ጣሪያ አልፈሃል። "ሲከብድ እቀንሳለሁ" ብሎ እየጨመረ የሚሄድ ሰው ጣሪያውን የሚፈልገው በጭንቅላቱ ነው።

ቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያበራ ነጥብ

ብዙ ዘመናዊ ቦልቶች ፊታቸው ላይ ቀለሁን ገፍታ የምታስወጣ ስፕሪንግ ያላት ክብ ቁልፍ አላቸው። ግፊቱ ሲያልፍ ናሱ ሊጥ ላይ ጣት ሲጫን እንደሚገባው ወደዚያች ቀዳዳ ይገባል፤ ቦልቱ ሲዞር ደግሞ ይላገዋል። ቂጡ ላይ ካለው ጽሑፍ አጠገብ የምታበራ ክብ ምልክት ትቀራለች፤ ጥፍር ሲሄድባት ትሰማለች። ይህች ከሁሉም የናስ ምልክቶች ለእኔ ቀጥተኛዋ ነች። አይቻት ያንን ልክ ሁለተኛ ሞልቼ አላውቅም። ለስላሳ ናስ የሚሠሩ አንዳንድ ፋብሪካዎች ቀለህ ላይ ቶሎ ትመጣለች፤ ያ ቢሆንም ትርጉሟ አይለወጥም፤ ያ ናስ ያንን ግፊት አልቻለም።

እዚህ ላይ ግን የአሮጌ ጠመንጃ ባለቤት ይጠንቀቅ። ቤልጅጉ የተሠራበት የማውዘር 98 ቦልት እንዲህ ያለች ክብ ቁልፍ የለውም፤ ቀለሁን የሚወረውረው ከጎን የምትመጣ ስስ ምላስ ናት። ስለዚህ የሰፌዱ ቀለሆች ላይ የሚያበራ ክብ ነጥብ አልነበረም፤ የሚፈርመው ስለሌለ ፊርማው የለም። ስለ ግፊት የተጻፈ ነገር አንብቦ "ነጥቡ የለም፣ እንግዲያው ደህና ነው" የሚል ሰው እንዳይኖር ነው ይህን የምለው።

ቤልጅጉ ግን ሌላ ውለታ አለው። የ98 ማውዘር ቦልት ከፊት ካሉት ሁለት መቆለፊያዎች ሌላ ከኋላ ሦስተኛ መጠባበቂያ አለው፤ ሆዱ ላይ ደግሞ የሾለከውን ጋዝ ወደ ጎን የሚያስወጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። የአጎቴን ዓይን ያተረፉት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ያ ጥይት ምንሽር ወይም ከዚያ የቆየ ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል። ውጅግራማ የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ነው፤ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነውና ጭስ አልባ ባሩድ ጭራሽ አያውቅም።

የፕራይመሩ ጉድጓድ መስፋት

ለሚሞላ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው የናስ ምስክር ይህ ይመስለኛል፤ በዓይን አይታይም፣ በእጅ ነው የሚሰማው። አዲስ ፕራይመር ሲተከል የሚሰማህ ጥንካሬ አለ። ደህና ቀለህ በልኩ ከተሞላ ደጋግሞ ሲተኮስ ያንን ጥንካሬ ይዞ ይቆያል። በአንድ ወይም በሁለት ተኩስ ፕራይመሩ እንደ ላላ ቡሽ በአውራ ጣት የሚገባ ከሆነ የቀለሁ ቂጥ ሰፍቷል ማለት ነው። ለዚህ መሳሳቻ የለም ማለት ይቻላል፤ ጉድጓዱን በመሣሪያ ያሰፋኸው ራስህ ካልሆንክ በቀር። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ የሚነግርህ በሚቀጥለው ሙሌት ነው፣ ያኔ ሃምሳ ጥይት ተኩሰህ ጨርሰሃል።

ቂጡን በማይክሮሜትር መለካትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ቶሎ ውጤት ይሰጣል፣ ግን እጅ ይፈልጋል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ 0.0005 ኢንች ነው፤ የተለመደው ካሊፐር የሚታመነው እስከ 0.001 ኢንች ያህል ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አሥር ሺኛ ኢንች የሚያነብ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ከመተኮሱ በፊትና በኋላ ያው ቀለህ በያው ቦታ ላይ ይለካል። መጽሐፍ ላይ ካየኸው ቁጥር ጋር ሳይሆን በአንድ ጊዜ ከተገዛ፣ የፋብሪካ ጥይት ከነበረ ቀለህ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ሁለቱ ናሶች ካልተመሳሰሉ ልኬቱ ዋጋ የለውም። እኔ ሁለት ዓመት ለክቼ ተውኩት፤ እጄ ከመሣሪያው ይልቅ ይለያያል።

ፍጥነት መለኪያው

ገንዘብ ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይግዛ ከተባለ ይህን ይግዛ። ግፊትን በቀጥታ አይለካም፤ ግን አረሩን የሚገፋው ያው ግፊት ስለሆነ ትርፍ ፍጥነት ከየትም አይመጣም። .30-06 በ180 ግሬን አረርና በ24 ኢንች በርሜል ብዙ ጊዜ ወደ 2,700 ጫማ በሰከንድ ይሄዳል። በ22 ኢንች በርሜል 2,850 ካነበብክ ደስ አይበልህ፤ የተለየ ጎበዝ በርሜል አልገጠመህም፣ ትርፉን የከፈለው ግፊቱ ነው። በርሜል በአንድ ኢንች ሲያጥር 20 ወይም 30 ጫማ ያህል እንደሚቀንስ አስበህ ከመጽሐፉ ጋር አስተያየው። የመጽሐፉን ከፍተኛ ፍጥነት ከደረስክ፣ ባሩዱ ገና ከመጽሐፉ ጣሪያ በታች ቢሆንም ጨርሰሃል።

ሌላም ነገር ይናገራል። ባሩድ በእኩል መጠን ስትጨምር ፍጥነቱም በእኩል መጠን ይጨምራል። ጭማሪው ድንገት ካነሰ፣ ወይም አንዱ ጥይት ከሌላው ብዙ መራቅ ከጀመረ፣ ቃጠሎው ሥርዓቱን እየለቀቀ ነው። ቀለሁ ላይ ምንም ሳይታይ ይህ ቀድሞ ይመጣል፤ ለእኔ የመለኪያው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። በጥላ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ዓይነቶች ርካሽ ናቸው፣ ፀሐይና ደመና ያሳስታቸዋል። በርሜል ላይ የሚታሰሩት በማግኔት ይሠራሉ፣ ትክክል ናቸው፣ ግን በርሜሉ ላይ ክብደት ስለሚጨምሩ ምቱን ያዛውራሉ። በራዳር የሚሠሩት ትንንሾቹ ውድ ቢሆኑም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለሚያነቡ እኔ የመረጥኩት እነሱን ነው። በርሜል ላይ የሚለጠፈው የግፊት መለኪያ ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን ለመግጠሙም ለማንበቡም ዕውቀት ይጠይቃል፣ ለአብዛኛው ሰው አልመክረውም።

ግፊት የሚመስሉ፣ ግፊት ያልሆኑ

ከቂጡ ከፍ ብሎ ቀለሁን የሚዞር የሚያበራ ቀለበት ካየህ፣ ቀለሁ በዚያ ላይ ሳስቶ ሊበጠስ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ትከሻው ከልክ በላይ መገፋቱ ነው እንጂ ባሩድ አይደለም። ጫፉን ያጎበጥከውን ሽቦ አስገብተህ ውስጡን ብትዳስስ ጎድጎድ ያለ ይሰማሃል፤ ቀለሁን ጣለው። የአንገት መሰንጠቅ ደግሞ ናሱ በመደጋገም መድረቁ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ጥቁር ጥላሸት እንዲያውም የዝቅተኛ ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ራሱ በሚጎርስ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ደግሞ የተጣመመ የቀለህ ከንፈር ያያል፤ በጋዝ የሚሠራ ጠመንጃ ቀለሁን ገና ሞቅ እያለ ስለሚነጥቀው ምልክቱ ሁሉ ይቀላቀላል። እዚያ ላይ ፍጥነት መለኪያና መጽሐፍ ብቻ ነው የምቀበለው።

ሐረጎን ሲወርዱ

ይህን የምጨምረው ወሎን ስለማውቅ ነው። ደሴ ብርድ ላይ የተተኮሰ ጥይት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባቲ፣ ከዚያም በረሃው ሚሌ ቢደርስ ሌላ ጥይት ይሆናል። ባሩድ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ሙቀት የማይለውጣቸው ተብለው የሚሸጡ ባሩዶች አሉ፤ ለውጣቸው ያነሰ ነው እንጂ አይጠፋም። እኔ ኮሎራዶ በጥር ብርድ ሞክሬ ደህና ያልኩት አንድ ልክ በሐምሌ መኪና ውስጥ ውሎ ቦልቴን አክብዶብኛል። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻ ሙከራዬን የማደርገው በበጋው ሙቀት ነው። በጋለ በርሜል ውስጥ ጎርሶ የቆየ ጥይትም እንዲሁ ይበስላል፤ ጎርሰህ ብዙ አትጠብቅ።

ግፊቱን ሳያስቡት የሚያንሩ ሌሎችም አሉ። አረሩ ከበርሜሉ ጥርሶች ጋር ሲነካ፣ አንገቱ ከልክ በላይ ረዝሞ አረሩን ሲያንቀው፣ በሲቪል ቀለህ የተሞከረ ልክ ግድግዳው ወፍራም በሆነ የወታደር ቀለህ ሲሞላ ባሩዱ ሳይጨምር ግፊቱ ይጨምራል። ከዕቃዎቹ አንዱን፣ ፕራይመሩንም ቢሆን፣ ከቀየርክ ከመጽሐፉ ጣሪያ 10 በመቶ ያህል ወርደህ እንደገና ጀምር።

እንግዲህ የትኛውን ልምረጥ?

ዘመናዊ የቦልት ጠመንጃ ካለህ፦ መጽሐፉን የመጀመሪያ ዳኛ፣ ፍጥነት መለኪያውን ሁለተኛ፣ የቂጡን ብሩህ ነጥብና የፕራይመሩን ጉድጓድ ሦስተኛ አድርግ። ቦልት ሲከብድ ማየት የለብህም፤ እዚያ ከደረስክ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ዳኞች ተንቀዋል። ፕራይመሩን ለማነጻጸር ብቻ ተጠቀምበት።

አሮጌ ጠመንጃ ከሆነ የቀለህ ምልክትን እንደ ዳኛ አትቀበል። መጽሐፉ ለዚያ ጠመንጃ ከሚፈቅደው ዝቅተኛው ላይ ተቀመጥ፣ በርሜሉን ባለሙያ ይለካልህ፣ ከዚያ በላይ አትሂድ። መቅደላ ይህን በመድፍ አይታዋለች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌው ጦርነት ከአፄ ቴዎድሮስ ትልልቅ መድፎች አንዱ ከልክ በላይ ጎርሶ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ቀስ እያለ የሚያስጠነቅቅ ምልክት አልነበረውም። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ነው።

ማን እንደሞላው የማይታወቅ ጥይት ከሆነ የምትመርጠው ምልክት የለም። ሳይተኮስም ይታወቃል። የቂጡ ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው የተለያየ ይሆናል። አንገቱና ሆዱ ላይ የመጠገኛ ጭረት ይኖረዋል፤ የወታደር ጥይት ሆኖ በፕራይመሩ ዙሪያ ያለው ቀለም የጠፋ፣ ወይም ፕራይመሩን አጥብቆ የሚይዘው የናስ ማያያዣ ተፍቆ የተጠገነ ይሆናል። የአጎቴ ጥይቶች አራት ዓይነት ጽሑፍ ነበራቸው። ያ ብቻ ይበቃ ነበር።

ምልክት ካየህ ደግሞ የተሞላውን ሁሉ አቁም። "የቀረችውን ልጨርሳት" አይባልም። አረሩ ይነቀላል፣ ባሩዱ ይፈሳል፣ ልኩ ቢያንስ ሁለት ደረጃ ይወርዳል። ቦልቱ ከተነከሰ አፈሙዙን ወደ ምንም ወደሌለበት አድርገህ አቆየው፤ ፊትህን ከኋላው አታድርግ፣ በመዶሻም አትምታው። ከመክፈትህ በፊት አረሩ ከበርሜሉ መውጣቱን አስብ፤ ከከፈትክ በኋላ የበርሜሉን ውስጥ ከኋላ በኩል አሻግረህ ተመልከት፣ ውስጡ የቀረ አረር ላይ ሁለተኛ መተኮስ ከሁሉም የከፋ ነው። የተበሳ ፕራይመር ያየ ጠመንጃ የቦልቱ ፊትና የመርፌው ጫፍ ሳይታይ አይተኮስም።

አጎቴ በረካው እስኪቀዳ ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ከዝናራቸው የቀሩትን አሥራ አንድ ጥይት አውጥተው ሰፌዱ ላይ ከቀለሆቹ ጎን አስቀመጡ። "የአባቴን ጠመንጃ ላጠፋው ነበር በለኛ" አሉ። ዓይናቸውን አላነሱም። "ዓይንዎን ነው እንጂ፣ ጠመንጃውማ ይገዛል" አልኳቸው። በማግስቱ ጥይቱን ይዘን ወረዳው ፖሊስ ዘንድ ሄደን አስረከብን፤ ጠመንጃው ባለሙያ ሳያየው እንደማይተኮስ ተስማማን። የተበሳችውን ቀለህ ልጁ እንዳያፏጭባት ወሰድኳት፤ ኮሎራዶ፣ ባሩድ የምመዝንበት ሚዛን አጠገብ ቂጧን ወደ ላይ አድርጌ አቁሜያታለሁ።